አሮጌ ፋብሪካን የማኅበረሰብ የምግብ ቦታ ማድረግ፦ ከወለሉ ሥር እስከ መክፈቻው ዋዜማ

ባዶ ፋብሪካ የሚጎበኝ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጣራው ላይ ነው። የብረቱ ትራስ (ጣራውን የሚሸከመው የብረት መዋቅር)፣ ከላይ የሚወርደው ብርሃን፣ ዓምድ ያልበዛበት ሰፊ አዳራሽ ልብ ይሰርቃል። ገና በሩ ላይ ቆሞ በሐሳቡ ጠረጴዛ መደርደር ይጀምራል። የሥራውን ዕጣ የሚወስነው ግን ከእግሩ ሥር ያለው ነው፦ ወለሉ ለዓመታት ምን ሲጠጣ እንደኖረ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ የውሃ መስመሩ በየት በኩል እንደሚመጣ። ስለዚህ ይህ መመሪያ የማይታየውን ያስቀድማል፤ ቀለሙና ወንበሩ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ።

የማኅበረሰብ የምግብ ቦታ ስንል አነስተኛ አምራቾች በሰዓት የሚከራዩት የጋራ ማዕድ ቤት፣ ገበሬው በቀጥታ የሚሸጥበት ገበያ፣ ለተቸገሩ ምግብ የሚከፋፈልበት መጋዘን፣ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና የሚሰጥበት ክፍል ወይም ሰፈሩ በአንድነት የሚመገብበት አዳራሽ ማለታችን ነው። ብዙዎቹ ቦታዎች ሁለት ሦስቱን ያጣምራሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኒውዮርክ ቼልሲ ማርኬት የናቢስኮ ብስኩት ፋብሪካ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ኦሪዮ ብስኩት መጀመሪያ የተሠራው እዚያ ሲሆን በ1997 የምግብ ገበያ ሆኖ ተከፈተ። በቶሮንቶ ከ1913 እስከ 1921 የተሠሩ አምስት የትራም ጋራዦች ዊችዉድ ባርንስ ተብለው በ2008 ተከፈቱ፤ ዛሬ ግሪንሃውስ፣ የማኅበረሰብ ማዕድ ቤትና የገበሬዎች ገበያ አላቸው። በቺካጎ ዘ ፕላንት የተባለው ሕንፃ የሥጋ ማቀነባበሪያ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ትናንሽ የምግብ ድርጅቶች የሚሠሩበት ሆኗል። በአምስተርዳም ደ ሀለን የትራም ጋራዥ ነበር፤ በ2014 የምግብ አዳራሽ ተከፈተበት። ከእነዚህ መማር ያለብን ሕንፃው ቀድሞ የነበረው ሥራ የወጪያችሁን ግማሽ አስቀድሞ እንደሚወስነው ነው። ቀድሞም ምግብ ይመረትበት የነበረ ሕንፃ የወለል ፍሳሽ፣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አንዳንዴም የሚታጠብ ግድግዳ ይዞ ይጠብቃችኋል። ጋራዥ ደግሞ ሰፊ በርና ሰፊ አዳራሽ ይሰጣል፤ ዘይት የጠጣ ወለልና የጥገና ጉድጓድ ግን አብረውት ሊመጡ ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ማን፣ ምን፣ በስንት ሰዓት እንደሚያበስል ጻፉ

ሕንፃ ከመፈለጋችሁ በፊት የአንድ ሳምንት የሥራ መርሐ ግብር በወረቀት ላይ አውጡ። ሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ዳቦ ጋጋሪው ይገባል፤ 4 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ለአረጋውያን ምሳ የሚያዘጋጁት ይገባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሥልጠና አለ፤ ማታ ደግሞ ማር አሻጊው ይመጣል። ከየሰዓቱ ጎን ስንት ሰው እንደሚሠራ፣ የትኛው ምድጃ እንደሚበራ፣ ስንት ሳህን እንደሚታጠብ፣ ምን ያህል ምግብ በቀዝቃዛ ክፍል እንደሚያድር አስፍሩ። መሐንዲሱም አርክቴክቱም ሊሠሩ የሚችሉት በዚህ ወረቀት ነው። “ሁሉን የሚያሟላ ማዕድ ቤት እንፈልጋለን” ብሎ የሄደ ቡድን የማንንም ፍላጎት በቅጡ የማያሟላ ማዕድ ቤት ይዞ ይመለሳል።

መርሐ ግብሩ አንዳንዴ የሚያስደስት ነገር ይነግራችኋል። ሥራችሁ የታሸገ ደረቅ ምግብ ተቀብሎ ማከፋፈል ብቻ ከሆነ የጭስ መሳቢያም፣ ቅባት ወደ ፍሳሽ መስመሩ እንዳይገባ የሚይዘው የቅባት ማጥመጃም፣ የወለል ፍሳሽም ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ንጹሕ መጋዘን፣ ጥሩ መደርደሪያና አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ይበቃል። እንዲህ ከሆነ ማዕድ ቤት አትሥሩ። ሥሩ ሥሩ የሚሏችሁ አይጠፉም፤ አትስሟቸው።

ደረጃ 2፦ የሕንፃውን ታሪክ አጥኑ፣ ወለሉን አስመርምሩ

ይህን ደረጃ መዝለል የሚመጣውን ሁሉ ያበላሻል። መጀመሪያ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ እነማን እንደተጠቀሙበት በቅደም ተከተል ዘርዝሩ። ቆዳ ፋብሪካ ከነበረ ክሮሚየም፣ ጋራዥ ከነበረ ነዳጅና ማሟሟያ ኬሚካል፣ ባትሪ ይሠራበት ከነበረ እርሳስ የተባለው ብረት፣ እንጨት በመድኃኒት ይነከርበት ከነበረ አርሴኒክ፣ ብረት ይጸዳበት ወይም ልብስ በደረቅ እጥበት ይታጠብበት ከነበረ ክሎሪን ያለባቸው ማሟሟያዎች ይጠረጠራሉ። የድሮ ፕላን፣ ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የማዘጋጃ ቤት ፋይል ፈልጉ። ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ ግን በጡረታ የወጡ የፋብሪካው ሠራተኞች ዘንድ ነው። የነዳጅ ታንኩ የት እንደተቀበረ፣ የተቃጠለው ዘይት በየትኛው ጥግ ይደፋ እንደነበር፣ የትኛው ጉድጓድ በሲሚንቶ እንደተደፈነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይዛችኋቸው ግቢውን ዙሩ።

ከዚያ በኋላ ባለሙያ ናሙና ይውሰድ፦ ከአፈሩ፣ ከወለሉ ኮንክሪት፣ ከወለሉ ሥር ካለው አየር። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ትራይክሎሮኤቲሊንን የመሰሉ ማሟሟያዎች ተንነው በኮንክሪቱ ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ በኩል ወደ ክፍሉ ይወጣሉ፤ በዓይን አይታዩም፣ ጉዳት በሚያደርሱበት መጠንም ላይሸቱ ይችላሉ። ወለሉን በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር የወለል ሽፋን) መቀባት ብቻውን አያቆማቸውም። መፍትሔው ከወለሉ ሥር ቧንቧ ዘርግቶ በማራገቢያ አየሩን ስቦ ከጣራ በላይ ማስወጣት ነው። ይህ ሥራ የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ወለሉ አልቆ ምድጃው ከተተከለ በኋላ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው።

በሕንፃው አካል ውስጥ መኖራቸው ሊፈተሽ የሚገባ አራት አደገኛ ነገሮች አሉ። አስቤስቶስ በሲሚንቶ ቆርቆሮ ጣራ፣ በእንፋሎት ቧንቧ መጠቅለያ፣ በድሮ የወለል ንጣፍና በማጣበቂያው ውስጥ ይገኛል። ካልተነካ ብዙ አይጎዳም፤ ሲቦረቦር፣ ሲሰበር፣ ሲጠረግ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ፈቃድ ካለው ባለሙያ በቀር ማንም አይንካው። እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፣ በአሸዋ ግፊትም አይነሣም። ፒሲቢ የተባለው ኬሚካል በድሮ ትራንስፎርመርና በፍሎረሰንት መብራት ባላስት (መብራቱን በሚያስነሣው ትንሽ ሣጥን) ውስጥ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከዘረዘራቸው አንዱ ነው። አራተኛው የእርግብ ኩስ ነው፤ በትራሱ ላይ ለዓመታት ከተከማቸ የሳንባ በሽታ የሚያመጡ ፈንገሶችን ይይዛል። መጀመሪያ በውሃ ይርጠብ፤ ሠራተኛው የተስማማ የመተንፈሻ ጭንብል ያድርግ፤ ከዚያ ይነሣ። የበጎ ፈቃደኞችን የጽዳት ዘመቻ ለዚህ ሥራ መጥራት ትልቅ ጥፋት ነው፤ እነሱን ለቀለሙ አቆዩአቸው።

ባለቤቱ ውል ከመፈረሙ በፊት ናሙና እንዲወሰድ ካልፈቀደ ሌላ ሕንፃ ፈልጉ። በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር የለኝም።

ደረጃ 3፦ ውሉን ከግንባታው አስቀድሙ

በተከራየ ሕንፃ ላይ የምትቆፍሩት ፍሳሽና የምትዘረጉት መስመር ስትወጡ ለባለቤቱ የሚቀር ነው። ከ10 ዓመት በታች በሆነ ኪራይ ያንን ማድረግ ለባለቤቱ ስጦታ መስጠት ነው። በውሉ ላይ አራት ነገሮች በግልጽ ይስፈሩ፦ ግንባታው እስኪያልቅ ኪራይ የማይከፈልበት ጊዜ፤ የጣራና የዋና ግድግዳ ጥገና የማን እንደሆነ፤ ከእናንተ በፊት ለደረሰው ብክለት ኃላፊው ማን እንደሆነ፤ እና ለሻጮችና ለአምራቾች መልሳችሁ የማከራየት መብት። የመጨረሻው ከሌለ የጋራ ማዕድ ቤቱ ገና ከመጀመሩ ሕገ ወጥ ነው። ከማምረቻነት ወደ ሕዝብ መሰብሰቢያነት የመለወጥ ፈቃድ ካልተገኘም ውሉ እንደሚፈርስ ይጻፍ።

ደረጃ 4፦ ስትራክቸሩን አስፈትሹ

ፋብሪካ ከባድ ማሽን እንዲሸከም ስለሚሠራ ምድር ቤቱ ብዙ ጊዜ ከበቂ በላይ ጠንካራ ነው። አሳሳቢው ፎቁና ጣራው ነው። ሁለት ሜትር ኩብ የሚይዝ የውሃ ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ ሁለት ቶን ይመዝናል። ለቆርቆሮ ብቻ የተሰላ የብረት ትራስ ላይ የአየር ማስወገጃ ማራገቢያ፣ ቱቦ፣ የድምፅ መምጠጫ ፓነልና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ስትጨምሩ ስሌቱ ይለወጣል። መሐንዲሱ በተለይ የዓምዶቹን እግር ይይ፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ዝገቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። ለፍሳሽ መስመር ወለል ከመቆረጡ በፊትም ውስጡ ያለው ብረት በስካነር ይታይ። የተወጠረ የብረት ገመድ ያለበት ኮንክሪት ሳይታወቅ ከተቆረጠ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 5፦ ማዕድ ቤቱን በአዳራሹ ውስጥ እንደ ሳጥን ሥሩት

መላውን ፋብሪካ ወደ ማዕድ ቤት ንጽሕና ደረጃ ለማድረስ አትሞክሩ። ስምንት ሜትር ከፍታ ያለው፣ ብናኝ ከትራሱ የሚወርድበት አዳራሽ መቼም ንጹሕ የምግብ ማዘጋጃ አይሆንም። ይልቅ በአዳራሹ ውስጥ የራሱ ግድግዳ፣ የራሱ ኮርኒስና የራሱ አየር ያለው አነስተኛ ክፍል ሥሩ። ግድግዳውና ኮርኒሱ ከሚታጠብ ሳንድዊች ፓነል (በሁለት ቆርቆሮ መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ካለበት ሰሌዳ) ሊሆን ይችላል። የሚሞቀው፣ የሚቀዘቅዘው፣ የሚታጠበው ይህ ሳጥን ብቻ ይሆናል፤ አዳራሹ አሮጌ ውበቱን እንደያዘ ይቀራል። ውል ሲያልቅም ፓነሉ ተፈትቶ ይሄዳል። የሳጥኑን ጣራ ግን ዕቃ ማስቀመጫ እንዳታደርጉት፤ አንዴ ካርቶን ከወጣበት አይጥ ይከተለዋል።

አቀማመጡ አንድ አቅጣጫ ይኑረው። ጥሬ ዕቃ በአንድ በር ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይቀመጣል፤ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል ወይም ይቀርባል። ያልታጠበ አትክልት ይዞ የሚገባ ሰው የበሰለ ምግብ ይዞ ከሚወጣው ጋር መንገድ ላይ መገናኘት የለበትም። ቆሻሻ በሌላ በር ይውጣ።

ወለሉ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም አለብን፤ በአሮጌ ሕንፃ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነውና። ሽፋን ከመምረጣችሁ በፊት እርጥበቱን ፈትሹ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በኮንክሪቱ ላይ አንጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ቢያንስ ለ16 ሰዓት ተዉት። ስታነሡት ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከአካባቢው ጠቁሮ ከታየ ከታች እርጥበት እየወጣ ነው። በዚህ ላይ የተቀባ ሽፋን በጥቂት ወራት ውስጥ አረፋ አውጥቶ ይነሣል። ፈተናውን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በየጥጉና በመሃል ድገሙት። ዘይት የጠጣ ኮንክሪት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ላይ ላዩን ቢታጠብ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ስለሚወጣ ምንም ሽፋን አይዝበትም። ያንን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መሙላት ይቀላል።

ሽፋኑ የፈላ ውሃ የሚፈስበት ቦታ ከሆነ ተራ ኢፖክሲ በሙቀትና ቅዝቃዜ መፈራረቅ ይሰነጠቃል፤ ፖሊዩሪቴን ሲሚንቶ የተባለው ይሻላል። ውድ ነው፤ ስለዚህ በማብሰያውና በማጠቢያው ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ደረቅ መጋዘኑ ኢፖክሲ ይበቃዋል። ወለሉ ከግድግዳው የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ ተደርጎ ይሠራ፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ቆሻሻ ይይዛል።

ወደ ፍሳሹ (ወደ ውሃ መውረጃው ቀዳዳ) የሚወስደው ስሎፕ፣ ማለትም የወለሉ ዝቅዝቅታ፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሁን። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፍሳሹ ከግድግዳው 5 ሜትር ከራቀ በግድግዳው በኩል ወለሉ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት ማለት ነው። የፋብሪካው ወለል ጠፍጣፋ ከሆነ ወይ ከላይ ትሞላላችሁ፣ ወይ ትቆርጣላችሁ። ከሞላችሁ በሩ ላይ ደፍ ይፈጠራል፤ ጋሪም ተሽከርካሪ ወንበርም ይሰናከልበታል። ስለዚህ ፍሳሾቹን ቁጥራቸውን ጨምሮ እርስ በርስ ማቀራረብ ብዙ ጊዜ አንዱን ትልቅ ፍሳሽ መሃል ላይ ከማድረግ ይረክሳል።

ውሃ፦ የፋብሪካውን የድሮ ቧንቧ አትመኑት። የት እንደሚደርስ የማይታወቅ፣ ለዓመታት ውሃ የተኛበት ቅርንጫፍ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ያራባል፤ ባክቴሪያው በተለይ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ውሃ ይመቸዋል። ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ መስመር ዘርጉ፤ የድሮውን ከምንጩ ቆርጣችሁ ድፈኑ። የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያው 60 ዲግሪ ይያዝ። የእጅ መታጠቢያው ለእጅ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው በር ሳይከፍት በጥቂት እርምጃ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። የቅባት ማጥመጃው ከማዕድ ቤቱ ውጭ፣ መኪና በሚደርስበት ቦታ ይቀበር። ውስጥ ከተቀመጠ በተከፈተ ቁጥር ሥራ ይቆማል፤ የሽታው ነገር ደግሞ አይነሣ።

አየር፦ የጭስ መሳቢያው ከምድጃው ጠርዝ በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ። ብዙዎች የሚስቱት የሚወጣውን አየር የሚተካ አየር ማስገባቱን ነው። መሳቢያው በሰዓት 5,000 ሜትር ኩብ አየር ካወጣ ያንኑ ያህል ከየትም ይገባል፤ መንገድ ካላበጃችሁለት በመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና በበር ስንጥቅ በኩል ይገባል። የማዕድ ቤቱ በር ለመክፈት ከከበደ ምልክቱ ይህ ነው። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ካለ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውስጥ ተስቦ ሰው ሊመርዝ ስለሚችል ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል። ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይውጣ፤ በየመታጠፊያው ቅባት ይተኛል፤ የተኛ ቅባት ደግሞ ማገዶ ነው።

ኤሌክትሪክ፦ ይህ የአሮጌ ፋብሪካ ትልቁ ጸጋ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ብዙ ጊዜ በሩ ድረስ ደርሷል። ሦስት ባለ 15 ኪሎ ዋት ኦቨን፣ 12 ኪሎ ዋት የሚወስድ ሳህን ማጠቢያ፣ ቀዝቃዛ ክፍሉና ማራገቢያዎቹ ሲደመሩ ከ65 ኪሎ ዋት ያልፋሉ፤ ለተራ ሱቅ የተዘረጋ መስመር ይህን አይችለውም። ግን መስመሩ ስላለ ኃይሉ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ፋብሪካው ሲዘጋ ተቋርጦ፣ ኮታው ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ለኤሌክትሪክ አቅራቢው የሚቀርበው ማመልከቻ ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች አንዱ ይሁን፤ መልሱ ወራት ይፈጃል። የድሮው ፓነልና የውስጥ ሽቦ እንዳለ ይቀየር።

ደረጃ 6፦ አዳራሹን ሰው የሚነጋገርበት አድርጉት

ማዕድ ቤቱ ካማረ በኋላ ሰው የማይመለስበት ዋናው ምክንያት ጫጫታ ነው። ኮንክሪት፣ ጡብና ቆርቆሮ ድምፅ አይውጡም። የድምፅ ጥናት ሊቁ ዋላስ ሳቢን ባወጣው ቀመር እንመልከተው፤ የማስተጋቢያው ጊዜ (ድምፁ ከቆመ በኋላ ማስተጋባቱ እስኪጠፋ የሚወስደው) በሰከንድ ሲለካ የክፍሉ ይዘት በ0.16 ተባዝቶ ድምፅ ለሚውጠው ገጽ ይካፈላል። አዳራሹ 30 ሜትር በ20 ሜትር፣ ቁመቱ 8 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 4,800 ሜትር ኩብ፣ የወለል፣ የግድግዳና የጣራ ገጹ በድምሩ 2,000 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ገጽ ከሚመታው ድምፅ 5 በመቶውን ቢውጥ 100 ካሬ ሜትር ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ገጽ እንዳለ ይቆጠራል። ውጤቱ ወደ 7.7 ሰከንድ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሰው ቢያወራ ማንም ከፊቱ ያለውን አይሰማም፤ ሁሉም ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጫጫታውም ይብሳል። አሁን 400 ካሬ ሜትሩን 80 በመቶ በሚውጥ ፓነል ሸፍኑት፤ የሚውጠው ገጽ 400 ይሆናል፤ ጊዜውም ወደ 1.9 ሰከንድ ይወርዳል። ለመመገቢያ አዳራሽ ይህ ደህና ነው። ፓነሉን ጣራው ሥር፣ በትራሱ መካከል ስቀሉት፤ እዚያ ሳህን አይመታውም፣ ሕፃን አይነካውም፣ የአዳራሹንም ገጽታ አይሸፍንም።

የሚይዘው ሰው ብዛት ላይ አትራቀቁ። በጠረጴዛና ወንበር ለተደራጀ አዳራሽ በብዙ አገር የሚሠራበት ስሌት ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ስሌት 600 ካሬ ሜትሩ ከ420 ሰው በላይ ይይዛል። መውጫ በሮቹና መጸዳጃ ቤቶቹ ግን ለዚያ ቁጥር መብቃት አለባቸው። በአብዛኛው የሚወስነው የመውጫ በር ነው፤ ፋብሪካ ሲሠራ ለጥቂት ሠራተኛ ታስቦ ነበርና። ቁጥሩን ከመውጫው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ አስሉት።

ደረጃ 7፦ እሳት፣ መግቢያና አይጥ

ድንገተኛ መውጫዎቹ ተራርቀው በተለያየ አቅጣጫ ይሁኑ፤ ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ ሰው ባለበት ሰዓት ቁልፍ አይደረግባቸው። የፋብሪካው ተንሸራታች የብረት በር ውብ ነው፤ እንደ መውጫ ግን አይቆጠርም። በማብሰያው አጠገብ ለምግብ ዘይት እሳት የተሠራ ማጥፊያ ይቀመጥ፤ በውሃ የተረጨ የዘይት እሳት ይፈነዳል። የመግቢያው ራምፕ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው።

አይጥን በተመለከተ አንድ ልክ ያዙ፦ 6 ሚሊ ሜትር። የጽሕፈት እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ለአይጥ በር ነው። አሮጌ ፋብሪካ ደግሞ የቧንቧና የኬብል ቀዳዳ በመቶዎች አለው። አንድ ሰው እርሳስ ይዞ ግድግዳውን እየዞረ ያገኘውን ሁሉ በጠመኔ ይክበብ፤ ከኋላው ግንበኛው በብረት ሱፍና በሲሚንቶ ይድፈን። በሚረጭ የመድፈኛ አረፋ ብቻ ከተደፈነ አይጦቹ ያኝኩታል።

ደረጃ 8፦ በክፍል በክፍል ክፈቱ

ገንዘቡ ሁሉ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ቡድን ይበተናል፤ ሁሉን በአንዴ የሚጀምር ደግሞ መሃል ላይ ይደርቃል። እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ብክለቱንና ጣራውን አስተካክሉ፤ የውሃ፣ የፍሳሽና የኤሌክትሪክ ዋና መስመሮችን ለመጨረሻው ዕቅድ በሚበቃ መጠን ዘርጉ፤ ከዚያ ሳጥኑን ብቻ ጨርሳችሁ ከፍታችሁ አከራዩ። ገበያው በግቢው ውስጥ በዳስ ይጀመር። አዳራሹ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ይምጣ። ወለል ሁለት ጊዜ መቁረጥ ዋናው ብክነት ስለሆነ ቱቦዎቹን አሁኑኑ ቅበሩ፤ ምድጃው ቆይቶ ይምጣ። ለመጠባበቂያ ከግንባታው ግምት 20 በመቶ ለዩ። ለአዲስ ሕንፃ የሚበቃው 10 በመቶ ለአሮጌ ግድግዳ አይበቃም፤ ግድግዳው እስኪከፈት ማንም ውስጡን አያውቅም።

የጋራ ማዕድ ቤት የሚፈርሰው በምድጃ ብልሽት ሳይሆን ባልታጠበ ድስት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው አንድ የማዕድ ቤት ኃላፊ የግድ ያስፈልጋል፤ በበጎ ፈቃድ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ተከራይ ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ስጡ፤ በጋራ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሁሉ ስምና ቀን ይለጠፍበት። የሰዓት ኪራዩ የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት የጽዳት ይሁን፤ ተከራዩ ሲወጣ ኃላፊው አይቶ ይፈርም። ኦቾሎኒ፣ ስንዴ ወይም ወተት የሚጠቀም ሰው የቦርዱ ላይ ዝርዝር ውስጥ ይጻፍ፤ ቀጥሎ የሚገባው አለርጂ ላለባቸው የሚያዘጋጅ ሊሆን ይችላል።

የምግብ ደኅንነቱን ሥርዓት በሃሳፕ ዘዴ አዋቅሩት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጠፈርተኞች ምግብ ሲባል የተጀመረ ነው፤ አደጋው በየትኛው የሥራ ደረጃ እንደሚፈጠር ለይቶ እዚያው መለካት ማለት ነው። ለአብዛኛው ማዕድ ቤት ወሳኞቹ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፦ ማቀዝቀዣው ከ5 ዲግሪ በታች፣ በረዶ ማድረጊያው ከዜሮ በታች 18፣ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ። በብዛት የበሰለ ምግብ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 በተጨማሪ አራት ሰዓት ውስጥ ይውረድ። ትልቅ ድስት እንደሞላ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ በዚያ ጊዜ አይወርድም፤ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ሰፋፊ ትሪ ይገልበጥ። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ ለማብሰያው ብቻ ሳይሆን ለማቀዝቀዣውም ቦታና ትሪ አስቡ።

ደረጃ 9፦ ከመክፈታችሁ በፊት አስጨንቃችሁ ፈትሹት

ኮንትራክተሩ የመጨረሻ ክፍያውን ከመውሰዱ በፊት ለአንድ ቀን ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አሠሩ። ኦቨኖቹ በሙሉ ይብሩ፣ ሳህን ማጠቢያው ይዙር፣ መሳቢያው በሙሉ ኃይሉ ይሥራ፤ ፊውዝ የሚወድቅ ከሆነ ዛሬ ይውደቅ። በየምድጃው ላይ ውሃ አፍሉ፤ እንፋሎቱ ወደ መሳቢያው ይሄዳል ወይስ ከጎን ያመልጣል? በየጥጉ አንድ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ድፉ፤ የተኛ ውሃ ካለ ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት አድርጉና ፎቶ አንሡት። ሃያ ሰው አስገብታችሁ ምሳ አብስሉ፤ የት እንደሚጋጩ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ጠረጴዛ ለማዛወር አሁን አይረፍድም።

ቀዝቃዛውን ክፍል ባዶውን አብሩና ቴርሞሜትር በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። በማግስቱ ጠዋት አንዱም ከ5 ዲግሪ በላይ ካነበበ ምግብ አይግባ። የቅባት ማጥመጃውን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሳምንቱ ከፍታችሁ በዱላ ለኩት፤ ቅባቱና ዝቃጩ ተደምረው የጥልቀቱን ሩብ ሲሞሉ ይመጠጥ። በስንት ሳምንት እንደሞላ ጻፉ፤ ከመጣጩ መኪና ጋር የምትዋዋሉት በዚያ ቁጥር ነው።